ኮድ ሳይማሩ ደብዳቤ ማሳመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ጠማማው እንሄዳለን፤ የቸገራችሁን ጥያቄ ፈልጋችሁ ከዚያ መጀመር ትችላላችሁ።

ደብዳቤ መተየብ እና ደብዳቤ መደርደር ምን ይለያቸዋል?

መተየብ ቃላቱን ማስገባት ነው። መደርደር ግን ቃላቱ ወረቀቱ ላይ የት እንደሚያርፉ መወሰን ነው። ህዳጉ ስንት ይሁን? ቀኑ የት ይቀመጥ? የተቀባዩ አድራሻ ከላይ ምን ያህል ይውረድ? መስመሩ የት ይሰበር? ድሮ ማተሚያ ቤት ውስጥ ይህን የሚሠራው ፊደል ለቃሚው ነበር። አሁን ሥራው የሶፍትዌሩ ነው። ብዙዎቻችን ግን አናምነውም መሰለኝ፣ በስፔስ እና በኢንተር እየገፋን ራሳችን እንለቅማለን።

እኔም ከዚህ ኃጢአት ነጻ አይደለሁም። አንድ ጊዜ የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ ቀኑን ወደ ቀኝ ለመውሰድ ስፔስ ሠላሳ ምናምን ጊዜ ጫንኩ። ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ አምሮ ነበር። ፕሪንት ላስደርግ ሌላ ቦታ ስከፍተው ፎንቱ እዚያ የለም፤ ማሽኑ በሌላ ፎንት ተካው። ወሩ ቀኝ ጥግ ላይ ቀረ፣ ዓመተ ምሕረቱ ወርዶ ግራ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበረ፣ እንደዚያው አስገባሁት።

ማርክአፕ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ለምንስ ሰው ይሸሸዋል?

ማርክአፕ ጽሑፉ መሃል የሚገባ የትእዛዝ ምልክት ነው። «ይህ አድራሻ ነው»፣ «ሰላምታው እዚህ ይጀምራል» እያለ ለማሽኑ ይነግረዋል። በዚህ መንገድ ከሚሠሩት ውስጥ ስመ ጥሩ ቴክ ነው። ዶናልድ ክኑት የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት መጽሐፉ ተለቅሞ ሲመጣለት መልኩ አስጠላውና የራሱን መደርደሪያ ሠራ፤ የመጀመሪያው ቴክ እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት ላቴክን ጨመረበት፤ ቴክን ለተራ ተጠቃሚ ያቀለለው እሱ ነው።

የቴክ ውበት ምንጩ አንቀጽ አሰባበሩ ነው። የተለመደው የጽሑፍ ማቀናበሪያ መስመሩ ሲሞላ ይሰብርና ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ወደ ኋላ ዞሮ አያይም። ቴክ ግን አንቀጹን ከላይ እስከ ታች አይቶ የትኛው አሰባበር ለሁሉም መስመር እንደሚሻል ያሰላል። ክኑት እና ማይክል ፕላስ ይህን ስሌት በ1981 አሳትመውታል። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ወጥ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ይሸሻል? አንድ ቅንፍ መዝጋት ከረሳችሁ ደብዳቤው አይወጣማ! ለአንድ ገጽ ማመልከቻ ይህን ሁሉ መማር አያዋጣም የሚል ሰው አይፈረድበትም።

ማይክሮሶፍት ወርድ አለኝ። እሱ አይበቃኝም?

ይበቃል፣ አያያዙን ካወቃችሁበት። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና 8ን አንድ ላይ ተጫኑ። የተደበቁት ምልክቶች ብቅ ይላሉ፤ እያንዳንዱ ስፔስ ነጥብ፣ እያንዳንዱ ኢንተር ደግሞ ¶ ሆኖ ይታያል። የድሮ ደብዳቤያችሁን በዚህ ዐይን እዩት። ነጥብ እንደ ጉንዳን ከተሰለፈ፣ ¶ እላይ በላይ ከተደረደረ፣ ያ ደብዳቤ የተያያዘው በምራቅ ነው።

መድኃኒቱ ብዙ አይደለም። ቀኑን ወደ ቀኝ ለመውሰድ ሩለሩ ላይ የቀኝ ታብ አስቀምጡና ታብን አንዴ ተጫኑ። በአንቀጾች መካከል ክፍተት ከፈለጋችሁ ኢንተርን ሁለት ጊዜ ከመምታት የአንቀጹ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ «ከአንቀጹ በኋላ» የሚለውን 6 ወይም 8 ነጥብ (የፊደል መጠን የሚለካበት መለኪያ ነው) አድርጉት። ለአድራሻ፣ ለጉዳዩ፣ ለዋናው ጽሑፍ እና ለመዝጊያው ለየብቻ ስታይል፣ ማለትም ስም የተሰጠው የመልክ ቅንብር፣ ፍጠሩ። ከዚያ ፋይሉን በተራ ሰነድነት ሳይሆን በአብነት፣ ብዙዎች ቴምፕሌት በምትሉት ዓይነት፣ ሴቭ አድርጉት። በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱት አዲስ ሰነድ ይሰጣችኋል፤ ዋናው አይነካም።

ይህ አንድ ከሰዓት በኋላ ይወስድባችኋል። በዓመት ሁለት ደብዳቤ ብቻ የምትጽፉ ከሆነ ሌላ ሶፍትዌር ፍለጋ አትድከሙ።

ያለ ክፍያ የሚገኝስ?

ሊብረኦፊስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ይሠራል። ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃት አንዲት ነገር አለችው፤ ፋይል ሜኑ ውስጥ «ዊዛርድስ»፣ ከዚያ «ሌተር» የምትል። ስትከፍቷት የሥራ ደብዳቤ ነው፣ መደበኛ የግል ደብዳቤ ነው ወይስ ወዳጅነት ያለው የግል ደብዳቤ ብላ ትጠይቃለች። በየደረጃው እየጠየቀች ሎጎ፣ የላኪ አድራሻ፣ ቀን፣ ጉዳይ እና መዝጊያ ታስቀምጥላችኋለች። መጨረሻ ላይ የምትሰጣችሁ አብነት ነው። መልኳ ትንሽ ያረጀ ነው፣ ሥራዋ ግን ደህና።

ጉግል ዶክስ ላይ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ዝግጁ የደብዳቤ አብነቶች አሉት፤ ሦስት ሰው ሆናችሁ አንድ ረቂቅ ለማረም ደግሞ ከእሱ የሚመች አላየሁም። አድራሻን በሚሊሜትር ልክ ማስቀመጥ ሲያስፈልግ ግን ይታገላችኋል። ረቂቁን እዚያ ጨርሳችሁ ድርደራውን ሌላ ቦታ ሥሩ።

ሊክስ የሚባለውስ? እውነት ኮድ የለውም?

ሊክስ የላቴክን ሞተር ከታች አድርጎ ከላይ ተራ የመጻፊያ መስኮት የሚሰጥ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ማቲያስ ኤትሪሽ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረው፤ ኬዲኢ የተባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ በሚቀጥለው ዓመት የጀመረውም እሱ ነው። የሊክስ ሐሳብ ከወርድ ይለያል። ወርድ የምታዩት እንደሚታተመው ይሁን ይላል። ሊክስ ግን «ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ ንገሩኝ፣ መልኩን ለኔ ተዉት» ይላል። እናንተ «ይህ የተቀባይ አድራሻ ነው» ብላችሁ ከዝርዝር ትመርጣላችሁ፤ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እና ፒዲኤፉ አይመሳሰሉም። አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው።

ኮድ የለውም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ታች እመለስበታለሁ። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ሊክስ ብቻውን እንደማይሠራ ነው። ላቴክን ከነመሣሪያዎቹ ከያዙት፣ ሚክቴክ ወይም ቴክ ላይቭ ከሚባሉት፣ አንዱ አብሮ መጫን አለበት። ቴክ ላይቭ ሙሉው ከተጫነ ብዙ ጊጋባይት ይበላል። ሚክቴክ የጎደለውን ጥቅል (ላቴክ ላይ የሚጨመር ክፍል) ሲያስፈልግ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ለጀማሪ ቀለል ይላል። ብቻ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን አትሞክሩት።

ሊክስ ላይ የመጀመሪያ ደብዳቤዬን እንዴት ልጻፍ?

ባዶ ገጽ አትክፈቱ። ፋይል ሜኑ ውስጥ ከአብነት አዲስ መክፈቻው አለ፤ ከደብዳቤዎቹ መካከል ኮማ-ስክሪፕት የሚለውን ምረጡ። ኮማ-ስክሪፕት ጀርመናዊው ማርኩስ ኮም የሚያዘጋጀው የላቴክ ጥቅል ነው፤ ደብዳቤ ላይ እጁ የተባረከ ነው። የተከፈተው አብነት ውስጥ የላኪ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ጉዳይ፣ የተቀባይ አድራሻ፣ መክፈቻ እና መዝጊያ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ናሙናውን እያጠፋችሁ የራሳችሁን ጻፉ። ከላይ በስተግራ ያለው ተዘርጊ ዝርዝር ጠቋሚያችሁ ያለበት አንቀጽ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ መቀየሪያውም እሱ ነው። ኮንትሮል እና አር ስትጫኑ ፒዲኤፉ ይወጣል።

አንድ ቦታ ሁሉም ሰው ይሰናከላል። ባለ አራት መስመር አድራሻ ስትጽፉ በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር ብቻ አትምቱ፤ አዲስ አንቀጽ ይሆናል። ኮንትሮል እና ኢንተር ነው የሚባለው። የወርድ ወይም የሊብረኦፊስ ልማድ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ እዚያ መስመር የሚሰብረው ሺፍት እና ኢንተር ነው። ኮንትሮል እና ኢንተር እዚያ አዲስ ገጽ ይከፍትባችኋል። ጣቴ እስካሁን ያምታታቸዋል።

ከመዝጊያው ሥር የጻፍኩት የፈራሚ ስም ፒዲኤፉ ላይ ጠፋ። የት ገባ?

የትም አልገባም፣ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ኮማ-ስክሪፕት የላኪውን መረጃ ሁሉ፣ የፈራሚውን ስም ጨምሮ፣ አስቀድሞ መስማት ይፈልጋል። መዝጊያው ላይ ሲደርስ በእጁ ያለውን ስም ያትማል። ከዚያ በኋላ ብትነግሩት አልፎታል። «ሲግኔቸር» የሚለውን አንቀጽ ወደ ላይ፣ ከላኪ አድራሻ ጎን ውሰዱት፤ ስሙ ታች በቦታው ይወጣል። ግልባጭ እና አባሪ ግን ከመዝጊያው በኋላ ነው የሚጻፉት።

ሊክስ ስፔስ ሁለት ጊዜ ስጫን እምቢ ይላል። ተበላሽቶ ነው?

ጤነኛ ነው። ሁለት ስፔስ በተከታታይ አያስገባም፤ ባዶ አንቀጽም አይተውላችሁም። ክፍተት የሚለካው በድርደራው ሕግ ስለሆነ በጣት ብዛት እንዲወሰን አይፈልግም። የእውነት ተጨማሪ ክፍተት ካስፈለገ «ኢንሰርት» ሜኑ ውስጥ የቁም ክፍተት ማስገቢያ አለ፤ መጠኑን በሴንቲሜትር ትነግሩታላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያናድዳል። በኋላ ግን ወርድ ላይ ተመልሳችሁ ስፔስ ስትደረድሩ ራሳችሁን ትታዘባላችሁ።

ግራ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ሰረዞች ታተሙ። ምንድን ናቸው?

የማጠፊያ ምልክቶች ናቸው። ኮማ-ስክሪፕት ካልነገራችሁት በቀር ዲን 5008 የተባለውን የጀርመን የደብዳቤ ደረጃ ይከተላል፤ ወረቀቱ የት እንደሚታጠፍ ለማሳየት ሰረዟን ያትማል። የኤ4 ቁመት 297 ሚሊሜትር ነው። በደረጃው ቅርጽ ቢ መሠረት ከላይ 105 ላይ አንዴ፣ 210 ላይ ሁለተኛ ይታጠፋል፤ 87 ሚሊሜትር ታች ይቀራል። እንዲህ የታጠፈ ወረቀት 110 በ220 ሚሊሜትር በሆነው ረጅም ፖስታ ውስጥ ልክ ይገባል። ካልፈለጋችኋቸው በሰነዱ ማስተካከያ ውስጥ፣ የሰነድ ዓይነት በሚለው ገጽ፣ ማጥፊያ አማራጩን መጻፍ ይቻላል። አዎ፣ አንዲት ቃል ኮድ ናት። ይቅርታ።

የተቀባዩ አድራሻ በፖስታው መስኮት (አድራሻው በሚታይበት ክፍት ቦታ) ልክ አልታይ አለኝ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጥፋቱን ፕሪንተሩ ላይ ፈልጉ። ፒዲኤፍ ሲታተም «ከገጹ ጋር አመጣጥን» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ሁሉም ነገር በጥቂት በመቶ ይጠብባል፣ አድራሻውም ከቦታው ይሸሻል። «ትክክለኛ መጠን» ወይም 100 በመቶ አድርጉት። የወረቀት መጠኑንም እዩ። የአሜሪካው ሌተር ወረቀት 215.9 በ279.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከኤ4 ይሰፋል፣ ግን ያጥራል። አብነቱ ለአንዱ ተሠርቶ በሌላው ከታተመ ሁሌም ይዛነፋል። ወደ ሶፍትዌሩ ከመሄዳችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩ። የምሬን ነው፣ ማስመሪያ አንሱ።

መጠኑ ትክክል ሆኖ አሁንም ካልገባ አድራሻው በቁጥር ይቀመጥ። በዲን 5008 ቅርጽ ቢ የአድራሻው ሳጥን ከወረቀቱ አናት 45 ሚሊሜትር፣ ከግራ ጠርዝ 20 ሚሊሜትር ላይ ይጀምራል፤ ስፋቱ 85፣ ቁመቱ 45 ሚሊሜትር ነው። ቅርጽ ኤ ደግሞ ከአናት 27 ላይ ይጀምራል፣ ለትልቅ ሎጎ ቦታ የለውም። ወርድ ወይም ሊብረኦፊስ ላይ ድንበር የሌለው ሳጥን ፈጥራችሁ ቦታውን ከገጹ ጠርዝ አንጻር በእነዚህ ቁጥሮች ቆልፉት። «ከገጹ» የሚለውን ምረጡ፤ «ከአንቀጹ» ካላችሁት ጽሑፉ በተነካ ቁጥር አብሮ ይንሸራተታል። ፖስታችሁ በሌላ ደረጃ የተሠራ ከሆነ መስኮቱን ለክታችሁ የራሱን ቁጥር ውሰዱ። ኮማ-ስክሪፕት ለስዊዘርላንድ፣ ለፈረንሳይ፣ ለጃፓን እና ለአሜሪካ ፖስታዎች የተዘጋጁ የቅንብር ፋይሎች አሉት።

ሎጎው ሁለተኛው ገጽ ላይም እየተደገመ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ እንዲሆን እንዴት ላድርግ?

ወርድ ላይ ሎጎው ሄደር (በየገጹ አናት የሚደገመው ቦታ) ውስጥ ከሆነ ሄደሩን ሁለቴ ጠቅ አድርጉና «የተለየ የመጀመሪያ ገጽ» የሚለውን አብሩ። ሎጎው በመጀመሪያው ገጽ ሄደር ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ላይ የገጽ ቁጥር እና የተቀባዩ ስም ይበቃል። ሊብረኦፊስም ይኸው ምርጫ አለው። ኮማ-ስክሪፕት ከመጀመሪያውም ሁለቱን ገጾች ለይቶ ነው የሚያያቸው።

ደብዳቤው አለቀ፣ ፊርማው ግን ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወደቀ!

ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ደብዳቤውንም ያስቀልላል። ብዙ ሰው ፎንቱን ከ12 ወደ 11.5 ያወርድና ይገላገላል። አንዳንዴ ይሠራል። ጽሑፉ በእርግጥ ገጽ ከሞላ ግን የሚሻለው የመጨረሻውን አንቀጽ ከፊርማው ጋር አብሮ ማሻገር ነው። ወርድ ላይ የመጨረሻውን አንቀጽ እና መዝጊያውን ምረጡ፣ የአንቀጽ ማስተካከያ ውስጥ «ከሚቀጥለው ጋር አቆይ» የሚለውን አብሩ። ከዚያ ፊርማው ቢወርድ እንኳ ጓደኛ ይዞ ይወርዳል። ሊብረኦፊስ ላይም አለ።

እኔ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር እቆርጣለሁ። አንድ ገጽ ከሁለት መስመር የሆነ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት መስመር ትርፍ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ በእነዚህ ሁሉ ይሠራል?

ይሠራል፣ ፎንቱ የዩኒኮድ ከሆነ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ቁጥሮች ላይ ነበር የሚደርቡት። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ይሆናል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛሉ፤ ለደብዳቤም ያምራሉ። ሊክስ ላይ በሰነዱ ማስተካከያ፣ ፎንት በሚለው ገጽ፣ የቴክ ያልሆኑ ፎንቶችን ተጠቀም የምትለዋን ሳጥን አብሩ። ከዚያ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ፎንት መርጣችሁ መቀጠል ነው። ይህች ሳጥን ካልበራች ስህተት ይወጣል ወይም ፊደሉ ባዶ ይሆናል።

ሦስት የመልክ ነገሮች። አንደኛ፣ የላቲን እና የግዕዝ ፊደል ሲደባለቁ የመስመር ርቀቱ ይዘላል፤ የሁለቱ ፎንቶች ቁመት ስለማይገጥም ነው። ወርድ ላይ የመስመር ርቀቱን «ልክ» በሚለው ቁጥር ስጡት፣ ለ12 ነጥብ ጽሑፍ 18 ሞክሩ። ሁለተኛ፣ ሰያፍ አትጠቀሙ። የግዕዝ ፎንት ብዙውን ጊዜ የራሱ ሰያፍ የለውም፤ ሶፍትዌሩ ቀጥ ያለውን ጎትቶ ያጋድለዋል፣ ንፋስ የመታው አጥር ይመስላል። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል አታድርጉት። ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፣ ወርድም በሰረዝ አይከፍላቸውም፤ ትርፉ መስመሩ መሃል የሚከፈት ገደል ነው። ግራውን ብቻ አሰልፉ።

አንድ ደብዳቤ ለ200 ሰው በየስማቸው መላክ አለብኝ። ስም እየቀየርኩ ልጻፍ?

በፍጹም። ይህ ለወርድ እና ለሊብረኦፊስ የተሰጠ ሥራ ነው፤ ሜይል መርጅ ይባላል። ስሞቹን በኤክሴል ሠንጠረዥ አስቀምጡ፣ የመጀመሪያው ረድፍ የአምዶቹ ስም ይሁን፦ ማዕረግ፣ ስም፣ አድራሻ። ወርድ ላይ «ሜይሊንግስ» የሚለው ታብ ውስጥ ሠንጠረዡን አገናኙ፣ ስሙ በሚገባበት ቦታ የአምዱን ስም አስገቡ። ቅድመ እይታውን አብርታችሁ ረጅሙን ስም እና አጭሩን ስም ፈልጉ፤ አቀማመጡ የሚፈተነው በእነሱ ነው። ኤክሴል በአኃዝ ብቻ የተጻፈ ነገርን ቁጥር ነው ብሎ ስለሚያስብ ከስልክ ቁጥር ፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል፤ አምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት።

«አቶ» እና «ወ/ሮ» የሚለውን ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲገምት አትተዉለት። የማዕረግ አምድ ይኑራችሁ። እዚህ ላይ ስንፍና ያስቀይማል።

ሊክስ ለዚህ የተዘጋጀ መስኮት የለውም። አንድ ፋይል ውስጥ ከአንድ በላይ ተቀባይ ማስገባት ይቻላል፣ ለአምስት ሰው ይሆናል። ለ200 ግን አይመከርም።

ባለፈው ወር የላክሁትን ደብዳቤ ስከፍተው የዛሬ ቀን ይላል!

ቀኑ ተለዋዋጭ ሆኖ ገብቷል ማለት ነው። ወርድ ላይ ቀን ስታስገቡ በራሱ ይታደስ የምትል ሳጥን አለች፤ እሷ በርታለች። ሊብረኦፊስ ቋሚ እና ተለዋዋጭ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ቀኖች አሉት። ሊክስ ላይ ደግሞ ቀን ካልጻፋችሁ ፒዲኤፉ የሚወጣበትን ቀን ራሱ ይጽፋል። ደብዳቤ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሲላክ ቀኑን በእጃችሁ ጻፉ፣ የተላከውን ፒዲኤፍም አስቀምጡ።

ደብዳቤው በፒዲኤፍ ይላክ ወይስ በወርድ ፋይል? ፊርማውስ?

ተቀባዩ የሚያርመው ካልሆነ በፒዲኤፍ። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ስለሚገባ የእኔ ዓይነት የቀን አደጋ አይደርስባችሁም። ለረጅም ዓመት የሚቀመጥ ከሆነ ፒዲኤፍ/ኤ የሚባለውን ዓይነት ምረጡ፤ ለማኅደር ተብሎ የወጣ ደረጃ ነው፣ የመጀመሪያው ክፍሉ በ2005 ጸደቀ። ሊብረኦፊስ ፒዲኤፍ ሲያወጣ ምልክት የምታደርጉበት ሳጥን አለው፤ ወርድም አማራጮች ውስጥ አለው።

የፊርማን ፎቶ ደብዳቤው ላይ መለጠፍ እና ዲጂታል ፊርማ አንድ አይደሉም። ፎቶውን ማንም ቆርጦ ሌላ ደብዳቤ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ዲጂታል ፊርማ ግን በምስክር ወረቀት የሚሠራ ስሌት ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ፋይሉ ከተነካ ያሳብቃል። ፎቶውን ከተጠቀማችሁ ቢያንስ ጀርባው ግልጽ በሆነ ምስል ይሁን፤ በነጭ ሳጥን የተከበበ ፊርማ ከሩቅ ያስታውቃል።

ቴክማክስ፣ ኦቨርሊፍ፣ ታይፕስት፣ ስክራይበስ ሲባል እሰማለሁ። ለደብዳቤ ይሆናሉ?

ቴክማክስ ስሙ ቢያሳስትም ቴክን መደርደሪያው አላደረገም፤ የራሱ ሞተር አለው፣ የምታዩት እንደሚታተመው ነው። ለሒሳብ ጽሑፍ ድንቅ ነው፣ ለደብዳቤም ይሠራል። ኦቨርሊፍ ላቴክ በብሮውዘር ነው፤ ኮዱን የሚሸፍን የእይታ ገጽ አለው፣ ግን ኮዱ ሁልጊዜ ከሥር ይንቆራጠጣል። ታይፕስት አዲስ እና ፈጣን ነው፤ ምልክቱ ከላቴክ በጣም ይቀላል፣ ያም ሆኖ ምልክት ነው፣ «ምንም አልማርም» ላላችሁት አይሆንም። ስክራይበስ ለመጽሔት እና ለፖስተር የተሠራ ነው፤ ለደብዳቤ ከባድ ሸክም ይሆናል።

ሊክስ ቀይ የስህተት መልእክት አወጣ። አሁን ኮድ መማሬ ነው?

ገና ነው። ደብዳቤ ላይ ከሚወጡት ስህተቶች አብዛኞቹ ከቅደም ተከተል ይመጣሉ። የተቀባይ አድራሻ ከመክፈቻው በፊት መሆኑን እዩ። ዋናው ጽሑፍ ከመክፈቻው በፊት ሾልኮ ገብቶ እንደሆነ ፈልጉ። መዝጊያውን ረስታችሁ ይሆናል። እነዚህ ደህና ከሆኑ የጎደለ ጥቅል ይሆናል፤ ኢንተርኔት አገናኙና እንደገና ሞክሩ። ያም ካልሆነ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ፣ ግማሹን ጽሑፍ አጥፉና ኮንትሮል እና አር። ከሠራ ጥፋቱ ያጠፋችሁት ግማሽ ውስጥ ነው። እንዲህ እየከፈላችሁ ሦስት አራት ጊዜ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።

ኮድ ግድ የሚሆነው አብነቱ የማያውቀውን ነገር ስትፈልጉ ነው፤ የአድራሻውን ሳጥን አምስት ሚሊሜትር ማውረድ፣ የመለያ መስመሩን ቀለም መቀየር የመሳሰለውን። ለዚያ ኮንትሮል እና ኤል ስትጫኑ ትንሽ ሳጥን ይከፈታል፤ ውስጡ የምትጽፉት በቀይ ይታያል። የሊክስ ሰዎች ራሳቸው «ክፉው ቀይ ጽሑፍ» ይሉታል። አንድ የሚያውቅ ሰው አንዴ አብነቱን እንዲያስተካክልላችሁ ለምኑና ቀዩን ሳጥን ከዚያ በኋላ አትንኩት። ግን ከመነካቱ በፊት የነበረውን አብነት ኮፒ አስቀምጡ።